ማኅበራዊ ፍትሕና የጤና ሥርዓት ማሻሻያ፦ ለአራዳና ለፒያሳ አካባቢ ተገልጋዮች የተዘጋጀ መረጃ

በአራዳ ክፍለ ከተማ፣ በተለይም በፒያሳ፣ በአራት ኪሎና በአካባቢያቸው የሚኖሩና የሚሠሩ ዜጎች የጤና አገልግሎትን በተመለከተ በየዕለቱ የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ይመሳሰላሉ። የትኛው ሕክምና ያለ ክፍያ ይሰጣል? የጤና መድን አባል መሆን የሚችለው ማን ነው? የመክፈል አቅም የሌለው ሰው ወዴት ይሄዳል? ከአካባቢው የተነሳ ቤተሰብ መብቱን ይዞ እንዴት ይሄዳል? አገልግሎት የተጓደለበት ዜጋ አቤቱታውን ለማን ያቀርባል? ይህ ጽሑፍ ለእነዚህ ጥያቄዎች ምላሽ የሚሰጥ ሲሆን፣ ምላሾቹ የተመሠረቱባቸውን ሕጎችና የሕዝብ ተወካዮች በጤናና በማኅበራዊ ፍትሕ ዘርፍ ያላቸውን ድርሻም ያብራራል።

1. አጭር ዳራ

አራዳ ከአዲስ አበባ ቀደምት የገበያና የአስተዳደር ማዕከላት አንዱ ነው። ዘመናዊ ሕክምና በከተማዋ ሥር የሰደደውም ከዚሁ አሮጌ እምብርት ብዙ ሳይርቅ ነው። ከዓድዋ ድል በኋላ የመጣው የሩሲያ ቀይ መስቀል የሕክምና ቡድን በመዲናይቱ ቁስለኞችንና ሕሙማንን አክሟል። ከዚያም በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ስም የሚጠራው የመጀመሪያው የመንግሥት ሆስፒታል በ1902 ዓ.ም. ገደማ ሥራውን ጀመረ። የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ራሱን የቻለ መሥሪያ ቤት ሆኖ የተቋቋመው በ1940 ዓ.ም. ነው።

በዚያ ዘመን ዋናው ችግር የሐኪምና የሕክምና ተቋም እጥረት ነበር። ዛሬ ጤና ጣቢያውና ሆስፒታሉ በቅርብ ርቀት በሚገኙበት በመሀል ከተማ ጥያቄው ሌላ መልክ ይዟል፤ በሩ ላይ የደረሰ ሰው ሁሉ ገብቶ መታከም ይችላልን? የማኅበራዊ ፍትሕ ጉዳይ የሚነሳውም እዚህ ላይ ነው። በአንድ ግቢ ውስጥ ደመወዝተኛው፣ ባለሱቁ፣ ጡረተኛው፣ የቀን ሠራተኛውና ጧሪ የሌላቸው አረጋዊት አብረው ይኖራሉ። ሕመም ግን በሁሉም ላይ እኩል አይከብድም።

2. የሕግ መሠረቱ

ነሐሴ 15 ቀን 1987 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት ለጤና አገልግሎት ፍትሐዊነት መነሻ የሚሆኑ ድንጋጌዎችን ይዟል።

- አንቀጽ 41(3) እያንዳንዱ ኢትዮጵያዊ በመንግሥት ገንዘብ በሚካሄዱ ማኅበራዊ አገልግሎቶች በእኩልነት የመጠቀም መብት እንዳለው ይደነግጋል።
- አንቀጽ 41(4) መንግሥት ለጤና፣ ለትምህርትና ለሌሎች ማኅበራዊ አገልግሎቶች በየጊዜው እየጨመረ የሚሄድ ሀብት የመመደብ ግዴታ እንዳለበት ያስቀምጣል።
- አንቀጽ 41(5) አቅም በፈቀደ መጠን ለአካል ጉዳተኞች፣ ለአረጋውያንና ወላጅ ለሌላቸው ሕፃናት መንግሥት እንክብካቤ እንዲያደርግ ያዛል።
- አንቀጽ 90(1) የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን ሁሉም ኢትዮጵያዊ የጤና፣ የትምህርት፣ የንጹህ ውኃ፣ የመኖሪያ፣ የምግብና የማኅበራዊ ዋስትና ተጠቃሚ እንዲሆን ፖሊሲዎች እንዲቀረጹ ይጠይቃል።

እነዚህን ድንጋጌዎች ወደ ተግባር ለመለወጥ በ2007 ዓ.ም. ብሔራዊ የማኅበራዊ ጥበቃ ፖሊሲ ጸድቋል። ፖሊሲው አምስት የትኩረት መስኮች አሉት፤ የልማታዊ ሴፍቲኔት ሥርዓትን ማጎልበት፣ የሥራ ዕድልንና ኑሮን ማሻሻል፣ ማኅበራዊ መድንን ማስፋፋት፣ የመሠረታዊ አገልግሎቶች ተደራሽነትን በፍትሐዊነት ማሳደግ፣ እንዲሁም ለጥቃትና ለብዝበዛ ተጋላጭ ለሆኑ ወገኖች የሕግ ከለላና ድጋፍ መስጠት ናቸው። ከአምስቱ ሁለቱ፣ ማለትም ማኅበራዊ መድንና የመሠረታዊ አገልግሎት ተደራሽነት፣ በቀጥታ ከጤናው ዘርፍ ጋር የተሳሰሩ ናቸው።

3. የማሻሻያው እምብርት፦ ሕመም ቤተሰብን እንዳያደኸይ

በ2012 ዓ.ም. የበጀት ዓመት ላይ የተደረገው ብሔራዊ የጤና ሒሳብ ጥናት እንደሚያሳየው፣ ከአገሪቱ አጠቃላይ የጤና ወጪ 30 በመቶ ያህሉ የተሸፈነው ሕመምተኞች በአገልግሎት ወቅት ከኪሳቸው በከፈሉት ገንዘብ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚመክረው ይህ ድርሻ ከ20 በመቶ በታች ካልወረደ በርካታ ቤተሰቦች በሕክምና ወጪ ምክንያት ለድህነት ይጋለጣሉ።

ከኪስ የሚወጣ ክፍያ ፍትሐዊ የማይሆንበት ምክንያት ግልጽ ነው። የሚከፈልበት ጊዜ ሰው በታመመበት፣ ሥራ በቆመበትና ገቢ በተቋረጠበት ሰዓት ነው። የክፍያው መጠንም የሚወሰነው በበሽታው ክብደት እንጂ በከፋዩ አቅም አይደለም። አንድ የቤተሰብ ኃላፊ ለቀዶ ሕክምና ዕቁብ ለመነው፣ ዕቃ ሸጦ ወይም ከዘመድ ተበድሮ ከከፈለ፣ በሽተኛው ከዳነ በኋላም ዕዳው በቤቱ ይቀራል። በመሆኑም የማሻሻያው ዋና ሐሳብ ክፍያው ሕመም ከመምጣቱ አስቀድሞ፣ በጥቂት በጥቂቱ፣ በጋራ ቋት እንዲሰበሰብ ማድረግ ነው። ይህ በአገራችን ዕድርን ያቆመው የመረዳዳት ሐሳብ ነው፤ ልዩነቱ ዕድር በዋናነት ለሐዘን ሲደርስ የጤና መድን በሕይወት ላለው ሰው ሕክምና መድረሱ ነው።

ኢትዮጵያ ለዚህ ዓላማ ሁለት የመድን መንገዶችን ዘርግታለች።

ሀ. ማኅበራዊ የጤና መድን። በመደበኛው ዘርፍ ተቀጥረው ለሚሠሩና ለጡረተኞች የታሰበ ሲሆን፣ የተደነገገው በአዋጅ ቁጥር 690/2002 ነው። ዝርዝሩን የወሰነው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ሠራተኛው ከደመወዙ 3 በመቶ፣ አሠሪውም በተመሳሳይ 3 በመቶ እንዲያዋጡ አስቀምጧል። በዚህ ስሌት 10,000 ብር ደመወዝ ያለው ሠራተኛ በወር 300 ብር፣ አሠሪው ደግሞ ሌላ 300 ብር የሚያዋጡ ይሆናል። አዋጁ ከወጣ በኋላ የትግበራው ጊዜ በተደጋጋሚ ተላልፏል። በመሆኑም ተቀጣሪ የሆኑ ነዋሪዎች በደመወዛቸው ላይ ተቀናሽ መጀመር አለመጀመሩን ከመሥሪያ ቤታቸው የሰው ሀብት ክፍል ማረጋገጥ ይኖርባቸዋል።

ለ. ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን። ቋሚ ደመወዝ ለሌላቸው፣ ማለትም ለአነስተኛ ነጋዴዎች፣ ለዕለት ሠራተኞች፣ ለቤት እመቤቶችና በግል ሥራ ለሚተዳደሩ የተዘረጋ ነው። በ2003 ዓ.ም. በትግራይ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያና በቀድሞው የደቡብ ክልል በሚገኙ 13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀምሮ ደረጃ በደረጃ ወደ ሌሎች ወረዳዎችና ወደ አዲስ አበባ ተስፋፍቷል። ሥርዓቱን በአገር አቀፍ ደረጃ የሚመራው የኢትዮጵያ ጤና መድን አገልግሎት ነው። በአፍሪካ ተመሳሳይ መንገድ ተከትላ አብዛኛውን ሕዝቧን በመድን ሽፋን ውስጥ ያስገባች አገር ሩዋንዳ ስትሆን፣ ተሞክሮዋ የሚያስተምረው ሽፋኑ የሚሰፋው የድሆች መዋጮ በመንግሥት ሲሸፈንና አባላት በየዓመቱ ሳያቋርጡ ሲያድሱ መሆኑን ነው።

4. የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ስለመሆን

አባልነት በቤተሰብ ደረጃ ነው። አንድ አባወራ ወይም እማወራ ሲመዘገብ የትዳር ጓደኛውና በሥሩ የሚተዳደሩ ልጆቹ አብረው ይመዘገባሉ። ምዝገባው የሚከናወነው ነዋሪው በሚገኝበት ወረዳ ሲሆን፣ ለዚህም የሚከተሉት በአብዛኛው ይጠየቃሉ፦

- የታደሰ የነዋሪነት መታወቂያ፣
- የቤተሰብ አባላት ዝርዝርና ፎቶግራፍ፣
- የዓመቱ መዋጮ የተከፈለበት ደረሰኝ።

የመዋጮው መጠን በከተማ አስተዳደሩ የሚወሰንና በየጊዜው የሚሻሻል በመሆኑ፣ የዘመኑን ተመን ከወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ወይም ከጤና መድን ምዝገባ ባለሙያው መጠየቅ ይገባል። ክፍያ የሚፈጸመው በሕጋዊ ደረሰኝ ብቻ ነው።

አባል የሆነ ቤተሰብ ሊጠነቀቅባቸው የሚገቡ ሦስት ነጥቦች አሉ።

አንደኛ፣ የምዝገባና የእድሳት ወቅት የተወሰነ ነው። ወቅቱ ካለፈ በኋላ የሚመጣ ቤተሰብ እስከሚቀጥለው ዙር ሊጠብቅ ይችላል። “ስታመም እመዘገባለሁ” የሚለው አስተሳሰብ ቋቱንም ቤተሰቡንም ይጎዳል። ጤነኛው በጤናው ጊዜ ካላዋጣ ለታመመው የሚከፈል ገንዘብ አይኖርምና።

ሁለተኛ፣ ሕክምና የሚጀመረው ከጤና ጣቢያ ነው። የአካባቢው ነዋሪ በቅድሚያ ወደተመደበበት ጤና ጣቢያ ይሄዳል፤ ከጤና ጣቢያው አቅም በላይ የሆነ ሕመም በሪፈር ወረቀት ወደ ሆስፒታል ይላካል። ከድንገተኛ ሕክምና በስተቀር ያለ ሪፈር በቀጥታ ወደ ሆስፒታል የሚሄድ አባል ወጪው ሙሉ በሙሉ ላይሸፈንለት ይችላል።

ሦስተኛ፣ ሁሉም ዓይነት ሕክምና በመድኑ አይሸፈንም። ለውበት ሲባል የሚደረግ ቀዶ ሕክምና፣ ሰው ሠራሽ ጥርስና የውጭ አገር ሕክምና ከሽፋኑ ውጭ ናቸው። ከፍተኛ ወጪ የሚጠይቅ ሕክምና የታዘዘለት አባል ሽፋን መኖሩን ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት በሆስፒታሉ የጤና መድን ክፍል ማረጋገጥ አለበት።

የታዘዘ መድኃኒት በጤና ተቋሙ ሳይገኝ ሲቀር አባሉ ከኪሱ ከፍሎ ከመግዛቱ በፊት፣ ከመድኑ ጋር ውል ያለው መድኃኒት ቤት ስለመኖሩ መጠየቅ ይኖርበታል። መድኃኒቱ እንዳልተገኘ የሚገልጽ ማረጋገጫና የግዢ ደረሰኝ ማስቀረት ለአቤቱታም ሆነ ለሚፈቀድ ተመላሽ ጥያቄ ይጠቅማል።

5. ያለ ክፍያ የሚሰጡ አገልግሎቶች

በ1990 ዓ.ም. የጸደቀው የጤና አገልግሎት ፋይናንስ ስትራቴጂ የተወሰኑ አገልግሎቶች የተገልጋዩ ገቢ ሳይታይ ያለ ክፍያ እንዲሰጡ መሠረት ጥሏል። እነዚህ አገልግሎቶች አንድን ሰው ብቻ ሳይሆን ማኅበረሰቡን በሙሉ የሚጠብቁ ናቸው። በመንግሥት ጤና ጣቢያዎች ከሚሰጡት መካከል ዋና ዋናዎቹ፦

- የቅድመ ወሊድ ክትትል፣ የወሊድና የድኅረ ወሊድ አገልግሎት፣
- የሕፃናትና የእናቶች ክትባት፣
- የቤተሰብ ዕቅድ አገልግሎት፣
- የሳንባ ነቀርሳና የሥጋ ደዌ ምርመራና ሕክምና፣
- የኤችአይቪ ምክርና ምርመራ፣ የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት፣ ከእናት ወደ ልጅ መተላለፍን የመከላከል አገልግሎት፣
- በወረርሽኝ ወቅት የሚሰጥ ሕክምና ናቸው።

ለእነዚህ አገልግሎቶች የጤና መድን አባልነትም ሆነ የድህነት ማረጋገጫ አያስፈልግም። ነፍሰ ጡር እናት “መታወቂያሽ የዚህ ወረዳ አይደለም” ተብላ ከወሊድ አገልግሎት ልትመለስ አይገባም።

ከዚህም ሌላ የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች በየቤቱ እየዞሩ የጤና ትምህርት፣ የደም ግፊት ልኬት፣ የክትባት ክትትልና ወደ ጤና ጣቢያ የማገናኘት ሥራ ይሠራሉ። የጤና ኤክስቴንሽን መርኃ ግብር በገጠር ከተጀመረ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ከ2002 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ ወደ ከተሞች ተስፋፍቷል። መንቀሳቀስ የማይችሉ አረጋውያንና የአልጋ ቁራኛ የሆኑ ሕሙማን ያሉባቸው ቤተሰቦች በጤና ጣቢያቸው በኩል የቤት ለቤት ጉብኝት እንዲደረግላቸው መጠየቅ ይችላሉ።

6. የመክፈል አቅም ለሌላቸው ነዋሪዎች

መዋጮ ለመክፈል አቅም የሌላቸው ቤተሰቦች በሁለት መንገድ ይደገፋሉ። የመጀመሪያው፣ መዋጮአቸው በመንግሥት ተሸፍኖ እንደማንኛውም አባል የጤና መድን መታወቂያ የሚያገኙበት ነው። ሁለተኛው፣ በተለምዶ “ነፃ ሕክምና” ተብሎ የሚታወቀው የክፍያ ነፃ አሠራር ነው።

የድጋፉ ተጠቃሚዎች ልየታ የሚካሄደው በወረዳ ደረጃ፣ ነዋሪዎች በሚሳተፉበት ሒደት ነው። ማመልከት የሚፈልግ ነዋሪ መታወቂያውን ይዞ ለወረዳው ጽሕፈት ቤት ጥያቄውን በጽሑፍ ያቀርባል፤ ማመልከቻው የደረሰበትን ቀንና መዝገብ ቁጥር ይዞ መሄድም ይገባዋል። ዝርዝሩ ለሕዝብ ይፋ በሚሆንበት ጊዜ ስሙ ያልተካተተ አመልካች ቅሬታ የማቅረብ መብት አለው። ድጋፍ ማግኘት ውርደት ተደርጎ ሊታይ አይገባም። የድጋፉ ተጠቃሚ የሚይዘው መታወቂያ ከሌላው አባል መታወቂያ ያነሰ አገልግሎት አያሰጥም።

በከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት የታቀፉ ነዋሪዎችም ስለ ጤና መድን ሽፋናቸው ወረዳውን መጠየቅ ይችላሉ። በ2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባና በሌሎች 10 ከተሞች የተጀመረው ይህ መርኃ ግብር መሥራት የሚችሉትን በአካባቢ ልማት ሥራ፣ መሥራት የማይችሉትን ደግሞ በቀጥታ ድጋፍ ያግዛል።

7. ከፒያሳና ከአካባቢው ለተነሱ ቤተሰቦች

በ2016 ዓ.ም. በፒያሳና በአራት ኪሎ አካባቢ ከተካሄደው የኮሪደር ልማትና መልሶ ማልማት ጋር በተያያዘ በርካታ ቤተሰቦች ወደ ሌሎች ክፍለ ከተሞች ተዛውረዋል። የጤና መድንም ሆነ የነፃ ሕክምና መዝገብ ከወረዳ ጋር የተያያዘ በመሆኑ፣ የመኖሪያ ለውጥ በወቅቱ ካልተመዘገበ ቤተሰቡ ከሁለቱም ወረዳ ውጭ ሊሆን ይችላል። በተለይ የስኳር፣ የደም ግፊት፣ የሳንባ ነቀርሳና የኤችአይቪ ክትትል ላይ ያሉ ሕሙማን መድኃኒታቸው ለአንድ ቀን እንኳ መቋረጥ የለበትም። ስለሆነም፦

1. ከቀድሞው ወረዳ መሸኛ መውሰድ፣ በአዲሱ ወረዳ በነዋሪነት መመዝገብ፤
2. የጤና መድን መታወቂያውንና የዓመቱን የክፍያ ደረሰኝ ይዞ ለአዲሱ ወረዳ የጤና መድን ባለሙያ ማሳወቅ፤
3. ከቀድሞው ጤና ጣቢያ የዝውውር ወረቀትና የሕክምና ማጠቃለያ መቀበል፤
4. ድጋፍ ተጠቃሚ የነበረ ቤተሰብ ይህንኑ የሚገልጽ ደብዳቤ ከቀድሞው ወረዳ ማጻፍ፤
5. ዝውውሩ እስኪጠናቀቅ ድረስ የቀድሞውን የክትትል ቀጠሮ አለማቋረጥ ያስፈልጋል።

አረጋዊ ወይም አካል ጉዳተኛ የሆነ ነዋሪ እነዚህን ጉዳዮች በቤተሰብ አባል ወይም በሕጋዊ ወኪል በኩል ማስፈጸም ይችላል።

8. ድንገተኛ ሕክምና

ሕይወቱ አደጋ ላይ የወደቀ ሰው በቅድሚያ ሕክምና ሊደረግለት ይገባል፤ የክፍያ ጉዳይ ከዚያ በኋላ የሚታይ ነው። ማንኛውም የጤና ተቋም የድንገተኛ ሕመምተኛን ቅድመ ክፍያ ባለመያዙ ምክንያት ሳያይ መመለስ የለበትም። ተቋሙ ከአቅሙ በላይ ከሆነ ሕመምተኛውን አረጋግቶ ወደሚቀጥለው ተቋም ያስተላልፋል። በመዲናዋ አምቡላንስ ለመጥራት የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር 907፣ የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ ሥጋት አመራር ኮሚሽን ደግሞ 939 ላይ ይገኛሉ። በፒያሳ ጠባብ መንገዶችና በውስጥ ለውስጥ ሠፈሮች የሚኖሩ ሰዎች ሲደውሉ በቅርብ የሚታወቅ ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ፣ አደባባይ ወይም ሕንፃ መጥቀሳቸውና አንድ ሰው እስከ ዋናው መንገድ ወጥቶ እንዲጠብቅ ማድረጋቸው ጊዜ ይቆጥባል።

9. የሕዝብ ተወካዮች ድርሻና የአቤቱታ መንገዶች

ከላይ የተዘረዘሩት መብቶች የሚጸኑት በሕግና በበጀት ነው። ሁለቱንም የሚያጸድቀው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሲሆን፣ መቀመጫውም አራት ኪሎ በአራዳ ክልል ውስጥ ነው። የአዲስ አበባ ነዋሪዎች በምክር ቤቱ 23 መቀመጫዎች አሏቸው። ከተማዋን በሚመለከቱ ጉዳዮች ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 361/1995 በወጣው ቻርተር መሠረት የከተማው ምክር ቤት ይወስናል። በመሆኑም የመድን ሕግና የፌዴራል በጀት ጉዳይ ለፌዴራሉ ተወካይ፣ የመዋጮ ተመንና የጤና ጣቢያ ጉዳይ ለከተማው ምክር ቤት አባል ቢቀርብ ይመረጣል።

ጤናንና ማኅበራዊ ልማትን የሚከታተለው የምክር ቤቱ ቋሚ ኮሚቴ የሚኒስቴሩን ዕቅድና ሪፖርት ይገመግማል፤ በተቋማት ተገኝቶም የመስክ ምልከታ ያደርጋል። የመድኃኒት አቅርቦት፣ የጤና መድን ሽፋንና የአገልግሎት ጥራት በክትትሉ በተደጋጋሚ የሚነሱ ጉዳዮች ናቸው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 55(17) መሠረት ምክር ቤቱ የፌዴራል መንግሥት ባለሥልጣናትን ጠርቶ የመጠየቅ ሥልጣን አለው። በጀትን በተመለከተም ኢትዮጵያን ጨምሮ የአፍሪካ ኅብረት አባል አገሮች እ.ኤ.አ. በ2001 በአቡጃ ከዓመታዊ በጀታቸው ቢያንስ 15 በመቶውን ለጤና ለመመደብ የገቡት ቃል ለተወካዮች መመዘኛ ሆኖ ያገለግላል።

የምክር ቤቱ ዓመታዊ የሥራ ዘመን ከመስከረም ወር የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ጀምሮ እስከ ሰኔ 30 ይዘልቃል፤ በመካከሉም የአንድ ወር ዕረፍት አለ። አባላት ከመራጮቻቸው ጋር የሚገናኙባቸው መድረኮች በአብዛኛው በዕረፍት ጊዜያት ይዘጋጃሉ። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 የሚጀምር በመሆኑ፣ የበጀት ጥያቄ ያላቸው ነዋሪዎች ከሰኔ በፊት ቢያቀርቡ ሐሳባቸው በወቅቱ ይደርሳል።

የግለሰብ ቅሬታ ግን በቅድሚያ ለቅርብ አካል መቅረብ አለበት። ቅደም ተከተሉ የሚከተለው ነው፦

1. አገልግሎቱን የሰጠው ተቋም የቅሬታ ሰሚ ክፍል ወይም ሥራ አስኪያጅ፤
2. የወረዳው፣ ቀጥሎም የክፍለ ከተማው ጤና ጽሕፈት ቤት፤
3. የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ጤና ቢሮ፤
4. የጤና ሚኒስቴር፤
5. አስተዳደራዊ በደል ሲያጋጥም የኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም።

አቤቱታ ሲቀርብ የተገልጋዩ ካርድ ቁጥር፣ ድርጊቱ የተፈጸመበት ቀንና ሰዓት፣ የታዘዘው ሕክምና ወይም መድኃኒት፣ የተከፈለ ገንዘብ ካለ ደረሰኙ፣ እንዲሁም የሚፈለገው መፍትሔ በአጭሩ ሊጻፍ ይገባል። “በደል ደርሶብኛል” ከሚል ጥቅል አገላለጽ ይልቅ “በዚህ ቀን፣ በዚህ መስኮት፣ ይህ መድኃኒት የለም ተብዬ በዚህ ዋጋ ከውጭ ገዛሁ” የሚል ዝርዝር ለማጣራትና ለማስተካከል ያመቻል። ተመሳሳይ ችግር የገጠማቸው ነዋሪዎች በዕድራቸው ወይም በነዋሪዎች መድረክ አማካይነት በጋራ ሊያቀርቡትም ይችላሉ።

10. ሊታወሱ የሚገቡ ነጥቦች

- የወሊድ፣ የክትባት፣ የሳንባ ነቀርሳና የኤችአይቪ አገልግሎት በመንግሥት ጤና ጣቢያ ያለ ክፍያ ይሰጣል።
- የጤና መድን እድሳት ወቅት እንዳያልፍ የወረዳውን ማስታወቂያ መከታተል ያስፈልጋል።
- ሕክምና ከጤና ጣቢያ ይጀመራል፤ ወደ ሆስፒታል በሪፈር ይኬዳል።
- መክፈል አለመቻል ከሕክምና ለመቅረት ምክንያት ሊሆን አይገባም፤ በወረዳው የድጋፍ ማመልከቻ ይቀርባል።
- መኖሪያ ሲለወጥ መሸኛ፣ የመድን መታወቂያና የሕክምና ዝውውር ወረቀት አብረው ይያዛሉ።
- እያንዳንዱ ክፍያ በደረሰኝ፣ እያንዳንዱ አቤቱታ በጽሑፍ ይሁን።

ለተጨማሪ መረጃ ተገልጋዮች በቅርባቸው ወደሚገኝ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ወረዳቸው ጤና ጽሕፈት ቤት በአካል መቅረብ፣ እንዲሁም በ952 ነፃ የስልክ መስመር መደወል ይችላሉ።